የመዋኛ ገንዳ አመራረጥ በ175 ካሬ ግቢ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ቤቱን ሠርቶ፣ ቀለሙን ቀብቶ፣ አጥሩ ላይ እሾሃማ ሽቦ ጠምጥሞ ከጨረሰ በኋላ እጁ ላይ ገንዘብ ተርፎት ከተገኘ (እንዴት ሊተርፈው እንደቻለ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው) አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ምን ዓይነት መዋኛ ገንዳ ይሻላል? በውጭ አገር በጉዳዩ ላይ የሚጻፈው በአብዛኛው ገንዳን በአራት ይከፍላል፤ የአርማታ፣ የፋይበር ግላስ፣ የፕላስቲክ ገበር ያለው እና ከመሬት በላይ የሚተከል። ከዚያ ዋጋቸውን፣ ዕድሜያቸውንና ጽዳታቸውን ያወዳድራል። «ገንዳው ከተቆፈረ በኋላ የልቅሶው ድንኳን የት ይተከላል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አልተገኘም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

ጥናቱ በአዲስ አበባ የተወሰነው በምክንያት ነው። ሐዋሳና ባሕር ዳር ሐይቅ አላቸው፤ የሐይቅ ዳር ሰው ግቢዬ ውስጥ ውሃ ልቆፍር ቢል ቤተሰቡ ጠበል ይወስደዋል። ድሬዳዋ ሙቀት አላት፤ እዚያ ገንዳ የሚሠራ ሰው ማብራሪያ አይጠየቅም። አዲስ አበባ ግን 2,355 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ሐይቅም ሙቀትም ሳይኖራት፣ ውሃዋን በፈረቃ እየጠጣች ገንዳ ያምራታል። ተመራማሪ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። የጥናቱ ዘዴ ምልከታ፣ ስሌት እና ቡና ላይ የተሰበሰበ አስተያየት ሲሆን፣ ምልከታው በከፊል በአጥር ላይ ተከናውኗል።

የናሙናው ግቢ 175 ካሬ ነው። ቤቱ መቶውን ይወስዳል። የቀረው 75 ለመኪናው፣ ለሰርቪስ ቤቱ፣ ለማድ ቤቱ፣ ለሮቶው ማማ፣ ለልብስ ማስጫው፣ ለውሻው ቤትና ለጎመኑ መደብ ተሸንሽኗል። 4 በ8 ሜትር የሆነ አነስተኛ ገንዳ 32 ካሬ ይፈልጋል፤ በዙሪያው ሰው የሚቆምበት አንድ አንድ ሜትር ሲታከልበት 60 ይሆናል። ስለዚህ ከማንኛውም የምህንድስና ጥያቄ በፊት የልማት ተነሺው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። መጀመሪያ የሚነሣው ጎመኑ ነው፤ ካሳ የሚጠይቅበት አካል የለውም። ቀጥሎ ውሻው ይነሣል። ሰርቪስ ቤቱ ተከራይ ስላለበትና ኪራዩ ለገንዳው ፓምፕ የመብራት ሂሳብ ስለሚያስፈልግ አይነካም። መኪናው እስከ መጨረሻው ይከራከርና ውጭ ያድራል።

ከታሪካዊ ዳራው እንነሣ። አክሱም ውስጥ ማይ ሹም የሚባል፣ ከዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ለእንግዳ የሚነገርለት «የንግሥተ ሳባ መታጠቢያ» ተብሎ ነው። የከተማው ሰው ግን ሲቀዳበት ኖሯል፤ ጥምቀትንም ያከብርበታል። ጎንደር ውስጥ በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው ትልቁ መዋኛ ደግሞ ለጥምቀት ሲባል ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ አብዛኛውን ዓመት ባዶውን ይቆያል። ከእነዚህ ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ሁለት ሕጎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በዚህ አገር የተከማቸ ውሃ ምንም ስም ይውጣለት ሰው ይቀዳበታል። ሁለተኛ፣ ገንዳ በዓመት አንድ ጊዜ ከሞላ ግዴታውን ተወጥቷል። የዛሬው የገንዳ ባለቤት ሁለቱንም ሕጎች ሳያውቅ እንደሚያከብር ኋላ ላይ ይታያል።

ሦስተኛው ማስረጃ ራሷ አዲስ አበባ ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት በ1879 ዓ.ም. ግድም ነው፤ መኳንንቱም እየተከተሉ ዙሪያውን ሰፈሩ። እንግዲህ ይህች ዋና ከተማ የተቆረቆረችው ገላ መታጠቢያ ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ሙቁ ውሃ ተገኘ፣ ቤቱ ቀጥሎ ተሠራ። የዛሬው ቤተሰብ ቤቱን አስቀድሞ ውሃውን ኋላ ይፈልጋል፤ የሥነ ዘዴ ጉድለቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የእቴጌን ቅደም ተከተል ጠብቆ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው ሂልተን ሆቴል ነው፤ ገንዳው በላሊበላ መስቀል ቅርጽ ተሠርቶ ከመሬት ውስጥ በሚወጣ ፍልውሃ ይሞቃል። ይህን አይቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ አባወራ መስቀሉን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ፍልውሃ ከካርታና ከሳይት ፕላን ጋር ተያይዞ አይሰጥም። መስቀል ቅርጽ ያለው ገንዳ ደግሞ ቢያንስ አሥራ ሁለት ማዕዘን አለው፤ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ባለሙያ ሂሳቡን በማዕዘን መጠየቅ ይጀምራል።

አሁን ወደ ስሌቱ። 4 በ8 የሆነ፣ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል የጠለቀ ገንዳ 48 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 48,000 ሊትር ይይዛል። በበርሜል 240፣ በሃያ ሊትር ጀሪካን 2,400 ነው። ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ጉድጓዶች ተነሥቶ ግቢያችን የሚደርሰው የቧንቧ ውሃ በደቂቃ 10 ሊትር ቢያወርድ (ደግ እንሁንና) ገንዳው በ80 ሰዓት ይሞላል። በፈረቃ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ በየሌሊቱ አምስት ሰዓት ቢመጣ ደግሞ በስምንት ሳምንት። ይህ ግን ፀሐይን አይቆጥርም። በበጋ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ይተናል ብንል ከ32 ካሬ ላይ በየቀኑ 128 ሊትር፣ በሳምንት 45 ጀሪካን ያህል ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ የመሙያው ጊዜ ወደ ዘጠኝ ሳምንት ተኩል ይጠጋል። በእነዚህ ሳምንታት ቤተሰቡ እንዳልታጠበ፣ ወጥ እንዳልሠራና እግሩን እንዳልነከረ ታሳቢ ተደርጓል። ይህ ታሳቢ በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል።

ስለዚህ ቦቴ ይጠራል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ አምስት ጊዜ መመላለስ አለበት፤ አምስተኛው 8,000 ሊትር ብቻ ቢያወርድም ዋጋው ሙሉ ነው። የቦቴው ችግር ዋጋው አይደለም። የቦቴው ችግር መታየቱ ነው። የመጀመሪያው ሲመጣ ሰፈሩ «ሮቶአቸው ደርቆ ነው» ይላል፤ ያዝናል። ሁለተኛው ሲመጣ «ሠርግ አለ እንዴ?» ይላል። ከሦስተኛው በኋላ መላምት ማውጣት ያቆምና ጀሪካን ማዘጋጀት ይጀምራል። በቀጣዩ ደረቅ ሳምንት የብረቱ በር ሲንኳኳ አንዲት ትንሽ ልጅ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ትቆማለች። «እትዬ፣ እማዬ ለልብስ ማጠቢያ አንድ ብቻ ብላለች።» እዚህ ላይ ሒሳቡን እንይ። አንድ ጀሪካን ከገንዳው ወለል ላይ የሚቀንሰው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ይህን እምቢ ማለት በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት አያስኬድም። ግን መንደሩ አርባ አባወራ ቢኖረውና እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቢቀዳ 1,600 ሊትር ነው፤ ገንዳው በአንድ ከሰዓት አምስት ሣንቲ ሜትር ይወርዳል። የገንዳ ባለቤት ከጎረቤት ጋር ያለውን ግንኙነት በሜትር መለካት የሚችል ብቸኛው ሰው ነው። የአክሱሙ ሕግ በዚህ ተረጋግጧል።

ሁለተኛውን ሕግ ለማረጋገጥ ወቅቶችን መመልከት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ግድም ይዘንባል፤ አብዛኛው በክረምት ነው። ይህ 32 ካሬ በሆነ ክፍት ገንዳ ላይ ሲወርድ ወደ 38 ሜትር ኩብ ይሆናል። መቶ ካሬ የሆነው ጣሪያ አሸንዳ ተገጥሞለት ወደ ገንዳው ቢዞር ደግሞ ሌላ 120 ሜትር ኩብ ይሰጣል፤ ገንዳውን ሞልቶ ለሰፈሩ ይተርፋል። ክረምት ግን ሰው ጋቢ ለብሶ ምድጃ ዳር የሚቀመጥበት ወቅት ነው። በበጋ ፀሐዩ ሲወጣና ሰው ልዋኝ ሲል ውሃው ተንኗል፣ ተቀድቷል። ከዚህ የሚከተለው ግኝት ይወጣል፤ የአዲስ አበባ ገንዳ የሚሞላው በማይዋኝበት ወቅት ነው፣ የሚዋኝበት ወቅት ሲመጣ ይጎድላል። ይህን ሕግ በአካል ተገኝቶ የሚመሰክረው ከሜሪላንድ የሚመጣው አጎት ነው። ገንዳ ይሠራ ብሎ ከሁሉ በፊት ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነበር፤ እሱ በሚኖርበት አገር የሰፈር መዋኛዎች በግንቦት መጨረሻ ተከፍተው በነሐሴ መጨረሻ ግድም ይዘጋሉና ዋና ማለት ለእሱ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ልጆቹም ትምህርት የሚዘጋላቸው ያኔ ነው። ስለዚህ በየክረምቱ ይመጣል። ጃንጥላ ይዞ ገንዳው ዳር ይቆምና ጠብታው ውሃው ላይ ሲፈነዳ እያየ «ይኸው፣ በነፃ እየሞላላችሁ አይደል!» ይላል። ቤተሰቡም ጋቢ ያለብሰዋል።

«ውሃው ይሙቅ» የሚል ሐሳብ ከአጎትየው መምጣቱ አይቀርም። የከተማዋ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ16 እስከ 17 ዲግሪ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሰው ሳይጮህ የሚገባበት ውሃ 27 ዲግሪ ግድም ነው እንበል። 48,000 ሊትር ውሃን በ10 ዲግሪ ለማሞቅ 558 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ወደ አየር የሚጠፋውን ሳንቆጥር። ይህ ቁጥር ለቤተሰብ ስብሰባ የሚቀርብ ስላልሆነ ወደ አገር ውስጥ መለኪያ መቀየር አለበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይበላል ብንል፣ ገንዳውን አንድ ጊዜ ለማሞቅ ምጣዱ ለ160 ሰዓት ያህል፣ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ፣ አንድ ሳምንት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው መጣድ አለበት። በሰዓት ሃያ እንጀራ ቢወጣ 3,200 እንጀራ ነው። ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ የቤቱ እመቤት ወዲያው ውሳኔ ትሰጣለች፤ ውሳኔውም ይግባኝ የለውም። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል።

የሕክምናው ዘርፍ አቋምም መመዝገብ አለበት። አያት ባለችበት ቤት እርጥብ ገላ ንፋስ ላይ ማቆም ብርድ፣ እርጥብ ገላ ፀሐይ ላይ ማቆም ደግሞ ምች ያመጣል። ገንዳ ዳር ከነዚህ ከሁለቱ ውጭ የሚቆምበት ሦስተኛ ቦታ የለም። ስለዚህ ዳማከሴ ከመዋኛው መሣሪያዎች ጋር አብሮ ይገዛል፤ ወይም ከተነሣው ጎመን ተርፎ በቀረችው ጥግ ላይ ይተከላል። ለውሃው ለራሱ የሚሰጠው ሕክምና ክሎሪን ነው። በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይበቃል ይባላል፤ ለኛ ገንዳ በአንድ ጊዜ ሁለት ሊትር ግድም በረኪና ማለት ነው። ችግሩ ፀሐይ ክሎሪንን በሰዓታት ውስጥ ታጠፋዋለች፤ የደጋ ፀሐይ ደግሞ ብርድ ስላለ ቀዝቃዛ ትመስላለች እንጂ ጨረሯ የዋዛ አይደለም። ጠዋት በረኪና የጠጣ ውሃ ማታ ራቁቱን ያድራል። በረኪናው አንድ ሳምንት ከተረሳ ውሃው ይለመልማል፤ እናት ከመስኮት አይታ ጎመኑ የተመለሰ ይመስላታል።

ዓይነቶቹን በየተራ እንመልከት። የአርማታው ገንዳ ከሁሉ የተከበረ ነው፤ እንደ ቤቱ ያለ ፌሮና ሲሚንቶ ስለሚፈልግ ቤት የሠራ ሰው ቋንቋውን ያውቃል። ቁፋሮው ይጀመራል፤ አፈሩን ለማውጣት ሲኖትራኩ ቢያንስ አራት ጊዜ ይመላለሳል። ፎርማኑ የሚጠየቀውን ሁሉ «ችግር የለውም» ብሎ ይመልሳል፤ በጥናቱ ሂደት ከፎርማን የተሰበሰበው መረጃ ይኸው ብቻ ነው። ግን ችግር አለው። በቦሌ፣ በሲኤምሲና በአቃቂ በኩል በብዙ ቦታ ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሬቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሲንቀሳቀስ የገንዳው ግድግዳ ላይ ጣት የማትገባበት ግን ውሃ የሚወጣበት ስንጥቅ ይከፈታል። ይህን ለመከላከል ጥቁሩ አፈር ተዝቆ ገረጋንቲ መሞላት አለበት፤ ያኔ ፎርማኑ ችግር አለው ማለት ይጀምራል። ሌላም ነገር አለ። አርማታ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 28 ቀን ይጠበቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት ማታ ውሃ ይጠጣል። ገንዳው ውሃ ከመያዙ በፊት ውሃ የሚጠጣ ብቸኛው ዓይነት ይህ ነው።

የፋይበር ግላሱ ግን ፋብሪካ ውስጥ ተጠናቅቆ አንድ ወጥ ሆኖ ይመጣል። እንደ አርማታ ቶሎ አይሰነጠቅም፤ ለስላሳ ነው። ዋናው ጥያቄ በየት በኩል እንደሚገባ ነው። ስምንት ሜትር የሚረዝም ቅርፊት የሚሸከም መኪና የኛን ኮብልስቶን መንገድ ኩርባ አይዞርም። ክሬን ከተጠራ ደግሞ ከላይ የመብራት ሽቦ፣ የስልክ ሽቦ እና ጎረቤት በራሱ ተነሣሽነት የዘረጋው ሦስተኛ ሽቦ አለ። ገንዳው እነዚህን ሁሉ አልፎ ጉድጓዱ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ በክረምት አንድ ፈተና ይጠብቀዋል። መሬቱ በውሃ ሲጠግብ አንድ ሰው ለጽዳት ብሎ ገንዳውን ባዶ ካደረገው ከታች ያለው ውሃ ቅርፊቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጠዋት ሲነሡ ገንዳው ከመሬት ወጥቶ ዘንበል ብሎ ይገኛል። በዚህ ግቢ የመዋኘት ችሎታው በተግባር የተረጋገጠው እሱ ብቻ ይሆናል።

የፕላስቲክ ገበር ያለው ገንዳ ላይ ረጅም ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። በዓል አለ፣ በዓል ካለ በግ አለ፣ በግ ካለ ሰኮና አለ። ከመሬት በላይ የሚተከለው ደግሞ ለምህንድስና ቀላል ነው፤ ለማኅበራዊ ኑሮ ግን አስቸጋሪ ነው። ከውጭ የሚያየው ሁሉ ሮቶ ነው ብሎ ያምናል። ባለቤቱ ገንዳ መሆኑን እንዲያስረዳ ይገደዳል፤ ካስረዳ በኋላ ደግሞ ሮቶ ነው ብሎ ቢተወው ይሻለው እንደነበር ይገነዘባል።

በውጭ ጽሑፎች ያልተመዘገቡ ሁለት ዓይነቶች ግን በከተማችን በስፋት ይገኛሉ። የመጀመሪያው የሥዕል ገንዳ ነው። አፓርታማ ሊሸጥ ሲል በአውራ ጎዳና ዳር በሚቆም ሰሌዳ ላይ ይታያል፤ ሕንፃው ገና ሣር ሆኖ ገንዳው ሞልቷል። ውሃው ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። አይተንም፣ አይለመልምም፣ ፈረቃ አያውቅም። ዳር ላይ ባርኔጣ ያደረገች፣ የዚህ አገር ሰው የማትመስል ሴት ብርቱካን ጭማቂ ይዛ ተጋድማለች። ጣሪያው ላይ ሮቶ የለም፣ ግቢው ውስጥ ጀሪካን የለም፣ ከላይኛው ፎቅ ምንጣፍ የሚያራግፍ የለም። ተመራማሪው ይህን ዓይነት ከጥገና ወጪ አንፃር አቻ አላገኘለትም። ገዢው ቁልፍ ሊረከብ ሲሄድ ገንዳው ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ መተላለፉ ይነገረዋል፤ ሴትየዋ ምናልባት እዚያ ትገኝ ይሆናል።

ሁለተኛው ሳፋ ነው። ሳፋን ከጥናት ውጭ ማድረግ የሳይንስ ንቀት ይሆናል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውሃ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ያለ አንዲት ሳንቲም ለብ ይላል። ሕፃኑ ይገባበታል፣ ይንቦጫረቃል፣ ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ይጮኻል፣ ይወጣል። ውሃው አይደፋም፤ ካልሲ ይታጠብበታል፣ ከዚያ በረንዳው ይጸዳበታል፣ በመጨረሻ ጎመኑ ይጠጣዋል። በአንድ ቀን አንድ ውሃ አራት ሥራ ይሠራል። ቁፋሮ የለውም፣ ገረጋንቲ አይፈልግም፣ ልቅሶ ቢመጣ ግድግዳ ላይ ይደገፋል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ አይታይም፣ ቢታይም ባለቤቱ «ገንዳዬን አየኸው?» ብሎ ሊጠቁምበት አይችልም። ሰው ለገንዳ ገንዘብ የሚያወጣው በዋናነት ለዚህች ዓረፍተ ነገር መሆኑ ደግሞ በምልከታ ተረጋግጧል።

እዚህ ላይ የሚዋኘው ማነው የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ ቢዘገይም አግባብ ነው። አባት ዋና ያውቃል። የተማረው ግን በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ ወንዝ ውስጥ ስለሆነ የሚዋኘው ወደ ታች በኩል ብቻ ነው፤ የቆመ ውሃ ላይ እምነት የለውም። እናት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን ትነክራለች። ከዚያ በላይ እንዳትሄድ የሰርቪስ ቤቱ ተከራይ በሩ ላይ ተቀምጧል፣ የጎረቤቱ ጂ ፕላስ ሁለት በረንዳ ደግሞ ፊቱን ወደ ገንዳው አዙሮ ነው የተሠራው። ልጆቹ የመጀመሪያው ሳምንት ይገባሉ። ከዚያ ጓደኞቻቸው ወዳሉበት ሆቴል መሄድ ይመርጣሉ፤ እዚያ ውሃው ሞቃት ነው፣ አያትም የለችም። በመደበኛነት ገንዳውን የሚጠቀመው ፎቶ አንሺ ነው። ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ ልደት የሚያከብር ሁሉ ዳሩ ላይ ይቆማል። ለዚህ አገልግሎት የውሃው ጥልቀት 30 ሣንቲ ሜትር ቢሆን በቂ ነው፤ በካሜራ አይለይም።

አሁን የጥናቱ ዋና ጥያቄ ላይ ደርሰናል። ሰው ይሞታል። እድር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ይዞ ይመጣል፤ ድንኳኑ 60 ካሬ ቢሆን ደስ ይለዋል፤ 60 ካሬው ደግሞ ገንዳ ሆኗል። የእድሩ ዳኛ ገብተው ግቢውን አንድ ጊዜ በዓይናቸው ከለኩ በኋላ «ልጄ፣ ለቀስተኛው በጀልባ ነው የሚመጣው?» ቢሉ መልስ መኖር አለበት። ሁለት አማራጮች ተፈትሸዋል። አንደኛው ገንዳውን በወፍራም ጣውላ መሸፈንና ድንኳኑን ከላይ መትከል ነው። ለቀስተኛ ግን አንድ አንድ ሰው እየሆነ አይመጣም፤ በተለይ ከቀብር መልስ ንፍሮ ሲቀርብ መቶ ሰው ባንድ ጊዜ ይቀመጣል። ሌሊት ካርታ የሚጫወቱት ወጣቶች ደግሞ ካርታውን ሲመቱ ጣውላውን አብረው ይመታሉ። የፋይበር ግላስ ገንዳ ጠርዝ ለዚህ አልተሠራም፤ ከመሬት በላይ የሚተከለውማ ከነጭራሹ አይታሰብም። የአርማታው ግን ይችላል።

ሁለተኛው አማራጭ ገንዳውን ባዶ አድርጎ ድንኳኑን በላዩ መወጠር፣ ለቀስተኛውንም ውስጡ ማስቀመጥ ነው። መጀመሪያ ሲሰማ ይከብዳል። ነገር ግን ደረጃ አለው፣ ግድግዳው ነፋስ ይከላከላል፣ ሴራሚኩ ለመጥረግ ይመቻል፣ ከመንገድም አይታይም። አረጋውያን በዝቅተኛው በኩል፣ ወጣቶች በጥልቁ በኩል ይቀመጣሉ፤ ቅደም ተከተሉ ያለ አስተናጋጅ ይጠበቃል። እንቅፋቱ ውሃው ነው። 48,000 ሊትር ውሃ በአንድ ሌሊት ወደ መንደሩ ቦይ ከተለቀቀ ሐዘኑ ወደ ታችኛው ጎረቤት ይዛመታል። የታችኛው ጎረቤት ደግሞ የእድሩ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በስሌታችን መሠረት በአብዛኛው ዓመት ገንዳው ውስጥ ያን ያህል ውሃ ስለማይገኝ ይህ ስጋት ንድፈ ሐሳባዊ ነው።

በዚህ ሁሉ መነሻነት ጥናቱ የአርማታውን ገንዳ ይመርጣል፤ ከሚከተሉት ማሻሻያዎች ጋር። ጥቁሩ አፈር ይዘቅ። የጣሪያው አሸንዳ ወደ ገንዳው ይዙር። አጠገቡ ትንሽ ፓምፕ ይቀመጥና ቧንቧው አጥሩን አልፎ ወደ መንገድ ይውጣ፤ ጀሪካን የሚቆምበት ድንጋይ ይደልደልለት፤ ልጆች በየቀኑ በር እንዳያንኳኩ ሰልፉ ውጭ ይሁን። ክዳኑ የመኪናንም ክብደት የሚችል ወፍራም ጣውላ ይሁን፣ የእድሩ ዳኛም ቆመው ይሞክሩት። ክዳኑ በመደበኛ ቀናት እንደተዘጋ ይቆያል፤ ትነቱን ይቀንሳል፣ በጉንም ይጠብቃል፣ መኪናውም ሲመሽ በላዩ ማደር ይችላል። የፓምፑ ቁልፍ በቤቱ እመቤት እጅ ይሆናል። ከቤተሰቡ አባላት መካከል መዋኘት የሚፈልግ ካለ ውሃ በማይመጣበት ሳምንት፣ በበዓል ዋዜማና ልብስ በሚታጠብበት ቀን ካልሆነ በስተቀር፣ ጥያቄውን ከመታወቂያ ቅጂና ከሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ጋር ለእሷ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል።